ሐጂን ያሳለፍንበት ጸደይ

ባለፈው ሳምንት ሬንተን የምትኖር ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ለልጇ ልደት የሚሆን ታጣፊ ወንበር ስንፈልግ፣ ጥግ ላይ የተቆለሉ አሮጌ ላይፍ ጃኬቶች እላዬ ላይ ተናዱ። ሻጋታ፣ እርጥብ ስፖንጅ፣ ትንሽ ደግሞ የሐይቅ ጭቃ ይሸታሉ። ጓደኛዬ "ኤጭ፣ እጥላቸዋለሁ እያልኩ ረስቻቸው ነው" ብላ ልታነሳልኝ ስትመጣ፣ እኔ አንዱን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ቆሜያለሁ። ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ። እትዬ ዘሀራ ትዝ ብለውኝ ነው።

እትዬ ዘሀራ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አባቴንም፣ ታናሹን አጎቴን ሐሚድንም ደሴ ላይ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ትንሹ ወንድሜ ሲወለድ አባቴ ሲያትል አስመጣቸው። እናቴ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ አባቴ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፤ ልጁን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። የአባቴን አፍ ተከትለን እኛም ልጆቹ "እትዬ" አልናቸው። አጭር፣ ሰፊ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሴት ነበሩ። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ካልበላ እሳቸው አይቀመጡም። አውቶቡስ ሲመጣ ከኋላችን የደረሰውን ሁሉ "ይግቡ፣ ይግቡ" እያሉ ያስገቡና እኛ ስንቀር አይደንቃቸውም ነበር።

የምነግራችሁ ጸደይ ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ። ከትምህርት ቤት ሌክ ዋሽንግተን ዳር ያለ አንድ የጀልባ ቤት ሊያስጎበኙን ወሰዱን። እዚያ ያለችው አሠልጣኝ፣ ሊንዳ የምትባል ፊቷን ፀሐይ የበላው ሴትዮ፣ ሸራ ጀልባ ላይ አስቀምጣ መሪውን እንጨት አስያዘችኝ። ነፋሱ ሸራውን ሲሞላው ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታ ተፈተለከች። ከዚያ በኋላ እኔን የያዘኝ የለም። ለሰፈር ልጆች በነፃ ነው ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የጸደይ ውድድር አለ፤ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ በአንድ ጀልባ ሁለት ሁለት ሰው።

አባቴ ጉዳዩን ሲሰማ የመኪና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "ጀልባ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ከማን ጋር?" አለ።

"ሊንዳ ፓርትነር ትፈልግልኛለች።"

"ወንድ ይሁን ሴት የማይታወቅ ፓርትነር? አይሆንም። ትልቅ ሰው ከቤት አብሮሽ ካልወጣ አይሆንም።"

እሱና እናቴ ቅዳሜ ሥራ ናቸው። ይሄን ሲል ነገሩን የዘጋው መስሎት ነበር። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩና እትዬ ዘሀራን ለመንኳቸው። ሽንኩርት እየላጡ ነበር፤ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

"እኔ ውሃ የማውቀው በእንስራ ነው፣ ልጄ።"

"ቁጭ ማለት ብቻ ነው እኮ። እኔ ነኝ የምነዳው።"

"አንቺ?" ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ያ ረቢ፣ መጨረሻዬ ይሄ ኖሯል" አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሁላችንም ቀድመው ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ላይፍ ጃኬቱ አልዘጋ ብሎ ሊንዳ ሁለት ማሰሪያ ቀጠለችላቸው። ከረጅም ቀሚሳቸውና ከሻርፓቸው ላይ ያ ብርቱካንማ ነገር ሲደረብ ቤት ውስጥ የማውቃቸው ሴትዮ አልመሰሉኝም። "ቢስሚላህ" ብለው ቀኝ እግራቸውን አስገቡ፣ ከዚያ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የፊቷን ትንሽ ሸራ ገመድ እጃቸው ላይ ሳስይዛቸው እንኳ አልገለጡም። "ይሳቡ" ስላቸው ይስባሉ፣ "ይልቀቁ" ስላቸው ይለቃሉ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ዓይን ተገለጠ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ተገልጠው "ያቺ ቀይ ሸራ ከኛ ቀደመች፣ ምን አድርጋ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም በልቤ አለቀላቸው አልኩ፤ ሐይቁ ይዟቸዋል።

ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ፂማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ነጭ ቆብ የሚያደርጉ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ። ከሚስታቸው ጋር ነው የሚወዳደሩት። እትዬ ዘሀራ ገና ፂሙንና ቆቡን እንዳዩ "ሐጂ" አሏቸው። እኔ ስማቸው መሰለኝ። ጸደዩን ሙሉ "ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር ሐጂ" ስላቸው ከረምኩ፤ እሳቸውም እጃቸውን አንስተው ይመልሱልኛል። ምን እንደመሰላቸው አላህ ይወቅ።

የመጀመሪያው ጉድ የመጣው የሐጂ ጀልባ በቅርብ ርቀት ስታልፍ ነው። እትዬ ዘሀራ ትልቅ ሰው ባጠገባቸው ሲያልፍ ተቀምጠው አያውቁም። ቤት ቢሆን፣ መንገድ ዳር ቢሆን፣ የሐኪም ወረፋ ላይ ቢሆን ይነሳሉ። ያን ቀንም ገመዱን ለቀው "ኖር" ብለው ተነሱ። ጀልባዋ ምን ታድርግ፣ አብራቸው ተነሳች። ሸራው ወደ ውሃው ተኛ፣ እኔ በተቃራኒው ጠርዝ ተንጠለጠልኩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ ጉልበታችን ገባ። ሳንገለበጥ የተረፍነው እትዬ ከድንጋጤ የተነሳ መልሰው ቁጭ በማለታቸው ነው። ሐጂ ዞረው "ደህና ናችሁ?" እያሉ ይጮሃሉ። እትዬ በፕላስቲክ ባልዲ ውሃውን እየቀዱ "እዩት፣ ምን ያለ ትሁት ሰው ነው፣ ለኛ ሲጨነቅ" አሉ።

ሁለተኛው ጉድ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ድል የሚሰጠው ወይም የሚያሳጣው እሱ ነው። ሁለት ሸራ ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሕግ አለ። ነፋሱ በቀኝ ጎኗ የሚመጣው ጀልባ ቅድሚያ አላት፤ በግራዋ የሚመጣባት መንገድ ትለቃለች። ባለመብቷ "ስታርቦርድ!" ብላ ትጮሃለች፣ ሌላዋ ትዞራለች፣ በቃ። ሊንዳ ይሄን እንደ ስሜ አስጠንታኛለች። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ከሐጂ ጋር ስንገናኝ መብቱ የኔ ነበር። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዘሀራ ጉልበቴን ያዙኝ።

"አሳልፊያቸው።"

"እትዬ፣ ቅድሚያው የኛ ነው። ሩሉ ነው።"

"ሩል ሩል አትበይብኝ። ሰውየው ፂማቸው እንዲህ ነጥቶ፣ አንቺ የትናንት ልጅ 'ዞር በሉልኝ' ልትያቸው ነው? አሳልፊያቸው አልኩሽ።"

"ባት ኢትስ ኖት ፌር" አልኩ። በእንግሊዝኛ ስናገር የማይሰሙኝ ይመስለኝ ነበር።

"እሱንም ለአባትሽ እነግረዋለሁ" አሉኝ።

አሳለፍኳቸው። እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላቸው። ሐጂ ግራ ገብቷቸው ቆባቸውን ነካ አድርገው አለፉ። ከኋላችን የነበሩት ሁለት ጀልባዎችም በዚያው አለፉ። እኛ ሰባተኛ ወጣን። እዚያ አንደኛ የወጣ አንድ ነጥብ፣ ሰባተኛ የወጣ ሰባት ነጥብ ነው የሚይዘው፤ ያነሰው ይበልጣል። እናቴ ይሄን አታውቅም። ሰባት ማግኘታችንን ስነግራት "ማሻ አላህ፣ ሰባት!" ብላ ሳመችኝ፤ እኔም አላረምኳትም።

ከዚያ ወዲያ ሐጂን በተገናኘን ቁጥር አሳለፍን። በመጨረሻ ሰውየው ጀልባ ማሠሪያው ጋ መጥተው ቆባቸውን አውልቀው፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑን፣ እንዲህ ማለፍ እንደማይገባቸው፣ እባካችሁ አታሳልፉኝ ብለው ተናገሩ። እኔ ደስ ብሎኝ ቃል በቃል ተረጎምኩ። እትዬ ዘሀራ በጥሞና አዳመጡና በፈገግታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ይሉኝታ ነው" አሉኝ ሰውየው ሲሄዱ። "አየሽ፣ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው። ብላ ሲሉት ጠግቤያለሁ ይላል። ጠግቤያለሁ አለ ተብሎ ይተዋል? አይተውም፣ አጥብቀሽ ትለምኛለሽ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ጀምረው በእጃቸው "ይለፉ፣ ይለፉ" ይሉ ጀመር። ሐጂም መቼም ሰው ናቸውና ለመዱት። ሲያዩን ገና አስቀድመው በእጃቸው አመስግነው ያልፉ ነበር። እኔ በንዴት ልፈነዳ። ግን በነፋሱ ጥሩ እየሆንኩ መጥቼ ነበር፤ እትዬም ገመዱን ሳልነግራቸው ይስቡ ጀምረዋል፤ ሐጂን ባላገኘንበት ቀን ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣን ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ኮሪደር ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ኮል ያደረገው አጎቴ ሐሚድ ነው። ሐሚድ ከኛ ራቅ ብሎ ኬንት የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሚስቱ በቅርቡ መንታ ወልዳ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። አባቴ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ "አይ ሐሚድ፣ እትዬን አሁን አልሰጥህም። ውድድሩ ይለቅና። ከዚያ በኋላ ትወስዳቸዋለህ።"

ጫማዬን ሳላወልቅ እዚያው ቀረሁ። ትምህርት ቤት ልጆች በብይ፣ በካርድ፣ በከረሜላም ይወራረዳሉ፤ የተሸነፈ ይሰጣል። አባቴና አጎቴ በእትዬ ዘሀራ የተወራረዱ መሰለኝ። እኛ ከተሸነፍን ሐሚድ ይወስዳቸዋል፣ ካሸነፍን እኛው ጋ ይቀራሉ። አባቴ ያን ሰሞን "ውድድሩ እንዴት ነው?" እያለ ሲጠይቀኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው አልኩ። ነገሩን ለማንም አልተነፈስኩም። አይ፣ ውሸት ነው፤ ለትንሹ ወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን ገና ስኩል የጀመረ ልጅ ነው፣ "ጀልባዋንም ይወስዳል?" ብሎ ነው የጠየቀኝ።

እትዬ ዘሀራ ከሌሉ ቤታችን ምን እንደሚሆን ማሰብ አልቻልኩም። እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን እናቴ ስትመጣ ደክሟት ነው የምትመጣው። ፀጉሬን የሚጎነጉኑልኝ፣ ሲያመኝ ግንባሬን ዳብሰው የሚያስተኙኝ፣ የክፍል ልጆች ሲስቁብኝ መጥቼ የማለቅስባቸው እሳቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ ጀልባ አለን። ያንን ጀልባ ከሌላ ሰው ጋር መንዳት አልፈልግም ነበር።

በውድድሩ መጨረሻ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ተጠርተው ትንሽ ባንዲራ ይሰጣቸዋል። እኔ በራሴ ሕግ ማሸነፍ ማለት ባንዲራ ማግኘት ነው ብዬ ወሰንኩ። የመጨረሻው ቅዳሜ ሲመጣ አራተኛ ነን። ሦስተኛ ሐጂ ናቸው። ከሐጂ ቀድመን ከገባን እንበልጣቸዋለን፤ እሳቸው ከቀደሙን ግን ሁሉም ነገር አበቃ።

ያን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ከእትዬ ጎን ተቀምጬ እንባዬ መጣ። "ምን ሆነሻል?" ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስልኩን፣ ሐሚድን፣ ውርርዱን።

"ዛሬ ሐጂን ካሳለፍናቸው ይወስድዎታል" አልኳቸው። "እባክዎን እትዬ። ዛሬ ብቻ።"

እትዬ ዘሀራ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዝናብ እያካፋ ነበር። ብዙ ፌርማታ አለፍን። የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር። ልንወርድ ስንል ሻርፓቸውን አጥብቀው አሰሩና "ሦስተኛ ከወጣን ይበቃል?" አሉኝ።

"ይበቃል።"

"በይ እሺ። እንባሽን ጥረጊ፣ ነፋሱን አታዪበትም።"

ነፋሱ ከደቡብ ጠንካራ ነበር። ጡሩምባው ሲነፋ አጀማመራችን አላማረም፤ አንድ ጀልባ ነፋሱን ጋረደችብንና ሸራችን ተርገበገበ። ከዚያ ግን ባዶ ውሃ አገኘሁ። እትዬ ዘሀራ ያ ሁሉ ሰውነታቸውን ወደ ጠርዙ ገፍተው ወደ ኋላ ተንጋለው ጀልባዋን አቀኑልኝ። ክብደት እንዲህ ውድ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ውሃው ላይ ከተንሳፈፉት የመዞሪያ ምልክቶች የመጀመሪያውን ስድስተኛ ዞርን፣ ሁለተኛውን አራተኛ። መጨረሻ ላይ ወደ ነፋሱ እየወጣን ወደ መግቢያው መስመር ስንጠጋ ሐጂ ከግራ በኩል መጡ። ነፋሱ የኛን ቀኝ ጎን ይመታል። መብቱ የኛ ነበር።

"ስታርቦርድ!" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ናት፣ ነፋሱ ይዟት ሄደ።

ሐጂ ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሱ። እያመሰገኑን ነው። እንደ ወትሮው ልናሳልፋቸው መስሏቸዋል። ጀልባቸው በቀጥታ ወደ ጎናችን ትመጣለች፤ ሚስትየዋ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታያለች። ልዙር አልዙር አላወቅኩም። እትዬን አየኋቸው።

"ምን ታይኛለሽ? ቀጥ ብለሽ ሂጂ" አሉኝ።

ከዚያ እንደተንጋለሉ፣ ገመዱን ሳይለቁ፣ በዚያ ከደሴ ገበያ ማዶ ሰው በሚጠሩበት ድምፅ ተጣሩ።

"ሐጂ! ዛሬስ የኛ ነው! አፉ ይበሉን፣ ዛሬስ የኛ ነው!"

አንድም ቃል አማርኛ የማያውቁት ሰውዬ ወዲያው ገባቸው። መሪያቸውን ወረወሩት ማለት እችላለሁ፤ ጀልባቸው ዞራ ከኋላችን አፍንጫዋ ሊነካን ጥቂት ሲቀረው አለፈች። እትዬ ዘሀራ በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። "ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ፣ ያ ረቢ" ይላሉ፤ ገመዱን ግን እየሳቡ ነው። መስመሩን ከሐጂ ቀድመን ገባን። በድምሩ ሦስተኛ ወጣን።

ሐጂ ወደ ጀልባ ማሠሪያው መጥተው እጃቸውን ሲዘረጉ እትዬ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ሰውየው እየሳቁ የሆነ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አሉኝ እትዬ በሹክሹክታ።

"ይሄን ሳትሉኝ ጸደዩ ሊያልቅ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር አሉ።"

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መንጋጋ ጥርሳቸውን እስኪያሳዩ ሳቁ። ወደ ቤት ስንመለስ ባንዲራውን አውቶቡስ ውስጥ ይዤ ቆምኩ፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት አጎቴ ሐሚድ መጣ። መኪናውን በራችን ፊት ለፊት ሳያጠፋ ፓርክ አድርጎ ገባና የእትዬ ዘሀራን ሻንጣ ከመኝታ ክፍል አወጣ። ሻንጣው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። መጀመሪያ ምን እንደማይ አልገባኝም። ከዚያ በሩ ላይ ቆምኩ።

"አሸንፈናል እኮ" አልኩ።

"ጎበዝ፣ አባትሽ ነግሮኛል" አለ ሐሚድ። "በይ አሳልፊኝ፣ መኪናው መጥፎ ቦታ ነው ያለው።"

"አሸንፈናል። አትወስዳቸውም። ተወራርዳችሁ የለ?"

ሐሚድ አባቴን አየው፣ አባቴ እኔን። እየተንተባተብኩ ስልኩን የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሐሚድ ከት ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ተንበርክኮ ትከሻዬን ይዞ፣ ውርርድ እንዳልነበረ፣ የሐሚድ ልጆች የሚይዛቸው ሰው እንደሌለ፣ የእኛ ትንሽ ደግሞ ስኩል ስለጀመረ ነገሩ ከክረምት ጀምሮ ያለቀ እንደነበር ነገረኝ። እሱ ያራዘመው እኔ ውድድሩን እንድጨርስ ብሎ ነው።

ወደ እትዬ ዘሀራ ዞርኩ። ኮታቸውን ለብሰው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

"ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ አውቶቡስ ላይ ለምን አልነገሩኝም? ለምን ጮሁ?"

ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ በእጃቸው አስተካከሉ። "እንግዲህ ምን ልበልሽ" አሉ። "ይሄን ያህል ዘመን ስኖር ለኔ ብሎ የተሽቀዳደመ ሰው አላየሁም። እንዴት ብዬ ላስቁምሽ?"

እናቴ ኩሽናው በር ላይ የያዘችውን ሳህን አላስቀመጠችም። አባቴ ከተንበረከከበት ቀስ ብሎ ተነሳ። ከደሴ እዚህ ሲያስመጣቸው የጠየቃቸው አይመስለኝም፤ ሐሚድም አልጠየቃቸውም። ልጅ በተወለደበት ቤት እትዬ ይመጣሉ፣ እንዲያ ነበር የሚታወቀው።

"እትዬ" አለ አባቴ። "አንቱስ የት መሆን ነው የሚፈልጉት?"

እትዬ ዘሀራ በየተራ አዩን። "የትም ቢሆን ለኔ አንድ ነው" የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚሉት።

"ቆይ፣ ላስብበት" አሉ።

"እትዬ፣ መኪናው…" አለ ሐሚድ።

"ሄደህ አጥፋው።"

ሐሚድ ወጥቶ መኪናውን አጠፋ፣ ተመልሶ ገብቶም እንደ ተማሪ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እትዬ ኮታቸውን አወለቁ፤ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አሰቡ። ሁላችንም ጠበቅናቸው። ያን ያህል ሰው ለእሳቸው ቆሞ ሲጠብቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

"ኬንት እሄዳለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ልጆቹ ያሳዝኑኛል፣ ላያቸውም እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ግን የኔ ነው። ሐሚድ፣ ቅዳሜ በጠዋት ለጀልባችን አምጥተህ እዚህ ታደርሰኛለህ።"

"ቅዳሜ እኮ ኦቨርታይም አለኝ፣ እትዬ" አለ ሐሚድ።

"እሱን አንተ አስብበት" አሉት።